ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑ ሥር የሚፈላው ዲኤክስ፦ የአንድ የባሕር ዳር መኪና የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በግንቦት ወር፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ አንድ የሠርግ አጀብ ጣና ዳር ቆመ። ሙሽሮቹ ፎቶ ተነሡ፣ ሚዜዎቹ ጨፈሩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሊንቀሳቀሱ ሲሉ ከፊት የሚመራው መኪና አልነሣም አለ። ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ላይ ሙሉ ሱፍ የለበሱ አምስት ሚዜዎች መኪና ሲገፉ የሚያሳየውን ቪዲዮ ከሙሽሮቹ ፎቶ ይልቅ ብዙ ሰው አየው። ባለ መኪናው ሰኞ ጠዋት ወደ ጋራዣችን የመጣው ይህን ንዴት ይዞ ነው።

ጉዳዩን እንድጽፈው ያደረገኝ መኪናው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሦስት ጋራዦች አይተውት፣ ሦስቱም ያልታመመውን አካል ማከማቸው ነው። እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ተሳስተናል፤ እሱንም እጽፋለሁ። የባለቤቱን ማንነትና የጋራዦቹን ስም ትቻለሁ።

መኪናው

ዲኤክስ እያልን የምንጠራው ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ ኃይሉን ለኋላ ጎማ የሚሰጥ። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሞተር 4ኬ የተባለው ባለ 1,290 ሲሲ ነው። ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ያለፈ እነዚህ መኪናዎች ዛሬም በከተማችን ሲመላለሱ ይውላሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ማደስና መለወጥ ሌላ ከመግዛት ይቀላል። ወጣቶቹ ዲኤክስን የሚወዱት በዚህ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉ ነገር ይታያል፣ እጅም ይገባል።

ባለቤቱ ሃያዎቹን ሊጨርስ የተቃረበ ወጣት ነው። በሥራ ቀናት በጣና ላይ ጀልባ ያሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ለሠርግ ያከራያል። 4ኬውን አውጥቶ ታውንኤስ ከተባለ አሮጌ የቶዮታ ሚኒባስ የተገኘ ባለ 1,486 ሲሲ 5ኬ ሞተር አስገብቷል። ይህ ራሱ የሚነቀፍ ሥራ አልነበረም። ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ አዲሱ በአሮጌው ቦታ ያለ ብዙ ጣጣ ይቀመጣል።

ጣጣው የመጣው ከሞተሩ ጋር አብረው ከገቡት ትንንሽ ለውጦች ነው። ከባዱ የብረት ቀረጻ የጭስ ማኒፎልድ ወጥቶ በከተማው በያጅ የተሠራ፣ አራት ቀጫጭን ቱቦ ያለው የጭስ ማውጫ ገባ። ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው በካርቡሬተሩ ሥር የነበረው ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ማረፊያ ተሰባብሮ ስለነበር በሦስት ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ ተተካ። የአየር ፊልትሮው ቤት ከነአፍንጫው ተጥሎ ሾጣጣ ፊልትሮ ተገጠመ። በቺንጋ የሚዞረው ማራገቢያና በዙሪያው የነበረው የፕላስቲክ ከለላ ወጥተው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ራዲያተሩ መሐል ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታሰረች። ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንከር የሚመልሰው ቀጭን ቱቦ «አያስፈልግም» ተብሎ ተደፈነ። ከካርቡሬተር ወደ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዕቃ) የምትሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦም ተነቅላ በቡሎን ተዘጋች።

እያንዳንዱ ለውጥ ብቻውን ሲጠየቅ መልስ አለው፦ ድምፁ ያምራል፣ ቦታ ይቆጥባል፣ ያፈስ ነበር። ስድስቱ አንድ ላይ ሲደመሩ ምን እንደሚያመጡ ግን ማንም አልጠየቀም። የኬ ሞተሮች ጠባይ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። አየር የሚገባበትም ጭስ የሚወጣበትም በአንድ በኩል ስለሆነ ካርቡሬተሩ ከጭስ ማውጫው በላይ እንደ ድስት በምድጃ ላይ ተቀምጧል። ፋብሪካው ይህን አውቆ በድስቱና በምድጃው መካከል ያስቀመጠውን ሁሉ ነው የእኛ ሰዎች አንድ በአንድ ያነሡት።

ምልክቶቹ

ባለቤቱ ሦስት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ በአጀብ ላይ በእግር ፍጥነት ሲጓዝ ወይም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ቀስ እያለ ሲወጣ መኪናው መሳል ይጀምራል፣ ጉልበት ያጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ከረዥም መንገድ መልስ ከአሥር እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቆሞ ሲነሣ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይቀበልም፤ የቤንዚን ሽታ አካባቢውን ያውደዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ሦስተኛ፣ ከፊት የሚቀመጥ ሰው እግሩን ይቃጠላል።

አራተኛ ነገር እኛ ጠይቀን አገኘን፦ የሙቀት መለኪያው ቀስት አንድም ቀን ከግማሽ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ከሁሉም በላይ ሊደመጥ የሚገባው ይህ ነበር።

ከእኛ በፊት የተደረገው

የመጀመሪያው ጋራዥ ራዲያተሩን አጠበ። ለውጥ ሳይመጣ ሲቀር በሦስት ረድፍ ቱቦ በተሠራ ትልቅ ራዲያተር ለወጠው። ሁለተኛው ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን በር፣ አውጥቶ ጣለ፤ ይህ በአገራችን ለማንኛውም የሙቀት ቅሬታ የሚሰጥ የመጀመሪያ መድኃኒት ነው፣ ልክ ለማንኛውም ራስ ምታት ዳማከሴ እንደሚባለው፤ ልዩነቱ ዳማከሴ ሰውን የማይጎዳ መሆኑ ነው። ሦስተኛው በኮፈኑ የኋላ ማጠፊያዎች ሥር ዳዶ ደራርቦ ኮፈኑን በሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገው፤ ሙቀቱ በመስታወቱ በኩል እንዲወጣ።

በዚህ መሐል ባለቤቱ ከረዥም መንገድ ሾፌሮች የተማረውን ዘዴ ይጠቀም ነበር። መኪናው ሲጠፋ ኮፈኑን ከፍቶ በቤንዚን ፖምፓው ላይ ርጥብ ጨርቅ ይጠመጥማል። ይህ በእርግጥ ይሠራል፤ ለሃያ ደቂቃ። መሥራቱ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነበር። ርጥብ ጨርቅ ሞተርን አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ጨርቁ ያረፈበትን ዕቃ ብቻ ነው።

ልኬቱ

የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልፈታንም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙትን፣ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው መልቲሜትር ሁለት ተውሰን ሽቦዎቹን አራት ቦታ ላይ እየቀያየርን አሰርን፦ በላይኛው የራዲያተር ቱቦ፣ በካርቡሬተሩ የቤንዚን ገንዳ፣ በፖምፓው፣ በፊልትሮው አፍ። ከዚያ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን በዘንዘልማ በኩል እስከ ሐሙሲት ነድተን ተመለስን፤ ከተማ ውስጥም ሩብ ሰዓት በእግር ፍጥነት ተጓዝን። የውጭው አየር 29 ዲግሪ ነበር።

በመንገድ ላይ የራዲያተሩ ቱቦ 76 ዲግሪ አነበበ። ይህ ለጤነኛ ሞተር እንኳ ዝቅ ያለ ነው። ቴርሞስታት ስለሌለውና ራዲያተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ ሞተሩ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ እየሠራ ነበር። በዚያው ሰዓት ፊልትሮው የሚስበው አየር 61 ዲግሪ ነው። ፖምፓው 58፣ ገንዳው 49። በእግር ፍጥነት ስንጓዝ ፖምፓው 70 አለፈ፤ መሳሉም ጀመረ።

ዋናው ትምህርት የተገኘው ግን ሞተሩን ካጠፋን በኋላ ነው። እንደ ልማዳችን ቢሆን ልኬቱ እዚያ ያበቃ ነበር። አብሮን የሚሠራው አዛውንት የካርቡሬተር ባለሙያ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ሽቦዎቹን እንዳንነቅል ከለከለን። «ቡናችሁን ጠጡ፤ ድስት የሚገነፍለው ቤተሰቡ ዞር ሲል ነው» አለ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ገንዳው 63 ደርሶ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ገንዳው 78፣ ፖምፓው 81 ሆነ። ሞተሩ ቆሟል፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ውኃው አይዘዋወርም፣ ከኮፈኑ ሥር ያለው አየር አይነቃነቅም፤ የጭስ ማውጫው ቱቦዎች ግን የያዙትን ሙቀት ላገኙት ሁሉ እያከፋፈሉ ነው። ጋሼ ፊልትሮውን አንሥቶ በባትሪ መብራት የካርቡሬተሩን ጉሮሮ አሳየን። ቤንዚኑ በዋናው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሞተሩ ሳይዞር፣ ማንም ሳይነካው።

አንድ ሙቀት፣ ሁለት ተቃራኒ በሽታዎች

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ክዳን ስላለው ከዚህ ይተርፋል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። የካርቡሬተር ገንዳ እንዲህ ያለ ክዳን የለውም፤ ለአየር ክፍት ነው። ቤንዚን ደግሞ የብዙ ፈሳሾች ቅልቅል በመሆኑ እንደ ውኃ በአንድ ዲግሪ ተነሥቶ አይፈላም። ቀላሉ ክፍል በባሕር ጠለል እንኳ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ እኛ ጋ ከዚያም ቀደም ይላል። አየሩም በባሕር ጠለል ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ አንድ ማራገቢያ በተመሳሳይ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር እዚህ ክብደቱ ያነሰ ነው፤ የሚወስደውም ሙቀት እንዲሁ።

በእግር ፍጥነት ሲጓዝ የሚሆነው ይህ ነው፦ በፖምፓውና በቱቦው ውስጥ ቤንዚኑ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ፖምፓው ፈሳሽ ለመግፋት የተሠራ ስለሆነ እንፋሎቱን ይጨምቀዋል እንጂ አይገፋውም። የመመለሻው ቱቦ ስለተደፈነ እንፋሎቱ የሚወጣበት መንገድ የለም። ካርቡሬተሩ ይራባል፣ መኪናው ይስላል፣ ይጠፋል።

ከቆመ በኋላ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ በዋናው ቀዳዳ ወደ ጉሮሮው ይፈስሳል። ሞተሩ በቤንዚን ይሰጥማል። ሽታው የሚመጣው ከዚህ ነው። ያን ቅዳሜ ሚዜዎቹ የቤንዚን ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ የሰጠመውን ሞተር የበለጠ ያሰጥሙት ነበር፤ እያንዳንዱ ርግጫ ሌላ ጠብታ ይጨምራልና። የሰጠመ ሞተር የሚነሣው ፔዳሉን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ ሳይለቁ፣ ሞተሪኖውን በማዞር ነው። ይህን ለባለቤቱ በነገርነው ቀን ጥገናው ገና ሳይጀመር ግማሹ ችግር ቀለለለት።

የወሰድናቸው ርምጃዎች

መጀመሪያ ከምንጩ ጀመርን። ያቺ የተነቀለችው ቀጭን ቱቦ፣ ሞተሩ በቀላል ጭነት ሲሄድ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲለኮስ የምታደርግ ናት። እሷ ስትነቀል ቤንዚኑ ዘግይቶ ስለሚለኮስ ገና እየነደደ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ሥራ መሥራት የነበረበት እሳት የጭስ ማውጫውን ያግለዋል። በዚህ ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ሲገጠም ታይሚንጉ፣ ማለትም እሳቱ የሚለኮስበት ጊዜ፣ ከፋብሪካው ልክ ዘግይቶ ነበር። ቱቦዋን መለስን፣ ታይሚንጉን በመብራት አስተካከልን። ወጪው የአንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ዋጋ ነው። በምሽት ስንመለከት ቀላ ብሎ ይታይ የነበረው የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ከዚያ ወዲያ አልቀላም። ከወሰድናቸው ርምጃዎች ሁሉ ርካሹም ጠቃሚውም ይህ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ቀጥሎ በካርቡሬተሩ ሥር ያለውን አሉሚኒየም አወጣን። አሉሚኒየም ሙቀት በማሳለፍ ከብረት ይበልጣል፤ ድስት የሚሠራበትም ስለዚህ ነው። በምትኩ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ አሥር ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባክላይት፣ ሙቀት የማያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ቆርጠን፣ በመስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አስተካክለን፣ ከላይና ከታች ጓርኒሲዮን አድርገን ገጠምነው። ረዘም ያሉ ቡሎኖች አስፈለጉ። እዚህ ላይ አንድ አደጋ ስላለ ልብ ይሏል፦ ካርቡሬተሩ ከፍ ሲል የቤንዚን ካቦው ይወጠራል። እኛ መጀመሪያ ስናስነሣው ፔዳሉ ተለቆ ሞተሩ ግን መጮኹን አላቆመም። ካቦውን ሳያስተካክሉ መኪናውን ከጋራዥ ማስወጣት አይገባም።

ሦስተኛው የሙቀት ከለላው ነው፤ ብዙ ጊዜ የበላን እሱ ነው። የጋለ ብረት ሙቀቱን በንክኪና በአየር ብቻ ሳይሆን እንደ ፀሐይ በጨረርም ይልካል። ጨረሩም ከብረቱ ግለት ጋር በእኩል አያድግም፤ ብረቱ ትንሽ ሲግል ጨረሩ ብዙ ይጨምራል። ጨረርን የሚያቆመው ውፍረት አይደለም፤ የሚያብረቀርቅ ስስ ላሜራ ከጀርባው አየር ካለው ይበቃል። የመጀመሪያውን ከለላ የሠራነው ከዘይት ቆርቆሮ ነበር። ቀለሙ ተቃጥሎ ሦስት ቀን ሸተተ፣ በሁለተኛው ሳምንት በቡሎኖቹ ዙሪያ ተሰነጠቀ፣ እስከዚያም ድረስ እንደ ጸናጽል ሲንሿሿ ከረመ። ባለቤቱ «ከዚህስ ሙቀቱ ይሻለኝ ነበር» ያለው የምሩን ነው። ሁለተኛውን ከአሉሚኒየም መስኮት ሠሪዎች በተገኘ የአንድ ሚሊ ሜትር ቁራጭ ሠራነው። ጠርዙን አጠፍነው፣ ከቱቦዎቹ ሁለት ሴንቲ ሜትር አራቅነው፣ የሚይዙትንም እግሮች ከብረት አድርገን ከቱቦዎቹ ይልቅ ከሞተሩ አካል ጋር አሠርናቸው። ለፖምፓውም ከዚያው ቁራጭ ትንሽ ጥላ ተሠራለት።

የተደፈነውን የመመለሻ ቱቦ መክፈት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ትርፉ ቤንዚን ወደ ታንከር ሲመለስ እንፋሎቱን ይዞ ይሄዳል፤ በፖምፓውም ውስጥ ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ቤንዚን ያልፋል። ከጭስ ማውጫው ጎን ያልፍ የነበረውን የቤንዚን ቱቦም በሌላው በኩል አዞርነው።

ከዚያ ወደ አየሩ ዞርን። ትንሿ ማራገቢያ ከለላ ስላልነበራት የምታቀዘቅዘው ፊቷ ያለውን ክብ ብቻ ነበር። መላውን ራዲያተር የሚሸፍን ከለላ በላሜራ ሠራንላት፤ በራዲያተሩ ጎንና ጎን ያሉትን ክፍተቶችም በጎማ ዘጋን። አየር ሰነፍ ነው፤ በዳር የሚያልፍበት ቀዳዳ ካገኘ በራዲያተሩ መካከል አያልፍም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያዋ ለአራት ደቂቃ ብቻዋን እንድትዞር ሰዓት ቆጣሪ ሪሌ ተገጠመላት። የፊልትሮው ቤት ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ተገኘ፤ አፍንጫውን ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር አገናኘነው። ባለ 82 ዲግሪ ቴርሞስታትም ተመለሰ። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ «አያ፣ ሙቀት ለማጥፋት መጥቼ ሙቀት ትጨምሩልኛላችሁ?» አለ። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ ሲሞቅና ቤንዚን ሲቀንስለት ግን ዝም ብሏል።

ኮፈኑን ወደ ቦታው ከመመለሳችን በፊት አንድ ሙከራ አደረግን፤ ከጠቅላላው ሥራ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። እናቴ የፈተለችውን ፈትል በጣት ርዝመት እየቆረጥን ከፍ ባለው የኮፈን ጠርዝ ላይ በፕላስተር ደረደርነው። ከፊት የተቀመጠው ልጅ በስልኩ እየቀረጸ ነዳን። ቆመን ሳለን ፈትሉ በሙቀቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በሠላሳ ኪሎ ሜትር ተንጠለጠለ። በሰባ ኪሎ ሜትር ሁሉም ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ጥቂቱም ከኮፈኑ ሥር ገብቶ አልታይ አለ። ነፋሱ መስታወቱን ሲገጭ ግርጌው ላይ ይታጨቃል፤ ያ የታጨቀ አየር በተከፈተው ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ቤት ይገባና በራዲያተሩ በኩል የሚመጣውን ይጋፋዋል። ሙቀት ይወጣበታል የተባለው በር በአውራ ጎዳና ላይ መግቢያ ሆኗል። ቆሞ ላለ መኪና ግን የዳዶው ዘዴ ጥቂት ይረዳል፤ ይህን መካድ አይገባም። ኮፈኑን መልሰን ዘጋነው።

ያልሠራው

ትልቁ ስሕተት የእኔ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልኬቱን ካየሁ በኋላ እንኳ፣ የፖምፓውን ችግር በአቋራጭ ለመፍታት የኤሌክትሪክ ፖምፓ ገዛሁ፤ ለመግጠም ስለሚቀል ደግሞ ኮፈኑ ሥር ከባትሪው አጠገብ አሠርኩት። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከታንከሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ሆኖ መግፋት አለበት፤ ከሩቅ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ቤንዚን ይበልጥ ቶሎ ይፈላል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ካርቡሬተር የሚችለው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው፤ የገዛሁት ከዚያ የበለጠ ይገፋል። ቤንዚኑ በገንዳው መርፌ አልፎ ፈሰሰ፤ በጋለ ቱቦ ላይ። እሳት ማጥፊያው በእጃችን ነበር፤ አላስፈለገም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። ፖምፓው በማግሥቱ ወጣ፣ የፋብሪካው ተመለሰ።

በጭስ ማውጫው ላይ ጨርቅ መጠምጠም ባለቤቱ በቪዲዮ አይቶ የጠየቀው ነው። አንድ ሰው የአስቤስቶስ ገመድ ይዞ መጣልን፤ ብናኙ ሳንባ የሚገድል ስለሆነ በሩ ላይ መለስነው። በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ የመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) ጥምጥም ሞከርን። በልኬት ጥሩ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ጥምጥሙ ዝናቡን እየጠጣ ቱቦውን አርሶ ያሳድረው ጀመር፤ መስከረም ላይ ስንፈታው ስሱ ብረት በሁለት ቦታ በዝገት ተበልቷል። ዝናብ በማይበዛበት አገር ምናልባት ሌላ ይሆናል። የጣናን ክረምት ለሚያውቅ ሰው አልመክረውም።

ማራገቢያዋም መጀመሪያ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እንድትዞር ተደርጋ ነበር። በአንድ ሠርግ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሙዚቃው በትልቁ ተከፍቶ፣ እሷም እየዞረች ባትሪው አለቀ። ሚዜዎቹ እንደገና ገፉ። አራት ደቂቃ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው።

ውጤቱ

በጥቅምት ወር በዚያው መንገድ፣ የውጭው አየር 28 ዲግሪ ሆኖ፣ በዚያው መልቲሜትር ለካን። የራዲያተሩ ቱቦ 84፣ የፊልትሮው አፍ 36። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ገንዳው ከፍ ያለው እስከ 56፣ ፖምፓው እስከ 59 ድረስ ነው። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ በአንድ ሙከራ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ጥር ሙሉ፣ እንደገናም ሚያዝያና ግንቦትን በሠርግ ውሏል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አስቸግሯል፤ ያኔም ምክንያቱ በሃይላንድ የተገዛ ውኃ የገባበት ቤንዚን ነበር።

ለሦስት ረድፉ ራዲያተር የወጣው ገንዘብ እኛ በመጨረሻ ከሠራነው ሁሉ ዋጋ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። አሁንም መኪናው ላይ አለ፤ አይጎዳም።

ለሌላ መኪና የሚተርፈው

በልዩ ልዩ መኪናዎች ላይ ይህን ጉዳይ ከሠራን ወዲህ ቅደም ተከተላችን ተለውጧል። «ይሞቃል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ቀስቱ የት ደርሶ እንደነበር ነው። ውኃው ሲፈላ አንድ ጉዳይ ነው፤ ውኃው ጤነኛ ሆኖ ኮፈኑ ሥር ያለው ሲፈላ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የኋለኛውን በራዲያተር ማከም ትርፉ ወጪ ነው። ልኬት ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ መቀጠል አለበት። ካርቡሬተር የሌላቸው፣ ቤንዚን በመርፌ የሚረጭላቸው አዳዲስ መኪናዎች በገንዳ መገንፈል አይታመሙም፤ ሽቦ፣ ጎማና ባትሪ ግን በዚያው ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው ዕድሜያቸው የሚያጥረው።

ሙቀትን ከማስወጣት በፊት እንዳይፈጠር ማድረግ ይቀድማል፤ ታይሚንግ ከማራገቢያ በፊት የሚታየው ለዚህ ነው። ከዚያ በንክኪ የሚሄደውን በባክላይት፣ በጨረር የሚሄደውን በላሜራ፣ በአየር የሚሄደውን በማራገቢያ ከለላ ለይቶ መያዝ ይቻላል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ርምጃዎቹንም አንድ በአንድ ወስዶ በየመካከሉ መለካት ያስፈልጋል። እኛ የፖምፓውን ጥላና የመመለሻውን ቱቦ በአንድ ቀን ስለገጠምን የትኛው ምን ያህል እንደረዳ እስከ ዛሬ ለይተን መናገር አንችልም።

ሞተር የሚለውጥ ሰው ደግሞ የሚያወጣውን እያንዳንዱን ዕቃ ከመጣሉ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ከዚህ መኪና የወጣው ማረፊያ ከተበላሸ ዕቃ ክምር ውስጥ ሲታይ ምንም የማይረባ ጥቁር ቁራጭ ነበር።

እስካሁን ያልተዘጋው

የእግሩ ቃጠሎ አለ። የጭስ ቱቦው ከወለሉ ሥር ሲያልፍ ይሸፍነው የነበረው የፋብሪካ ላሜራ ቱቦው በተለወጠ ጊዜ ተቆርጦ ወጥቷል። ቱቦውን ዝቅ ብናደርገው በከተማችን የፍጥነት መቀነሻዎች ላይ ይገጫል፤ ላሜራውን መልሰን ልንሠራ ቃል ገብተናል፤ መኪናው ግን ከሠርግ ወደ ሠርግ ስለሚሄድ ጋራዥ የሚያድርበት ቀን አላገኘንም። ባለፈው እሑድ ከፊት የተቀመጠው አንደኛ ሚዜ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ጣና ዳር ጫማውን አውልቆ ነው የሄደው።